የማህበረሰብ ቴአትር ምንድን ነው?

አንድ ቡድን ከከተማ በመኪና ይመጣል፣ መድረክ ይዘረጋል፣ ስለ ጤና የሚያስተምር አጭር ድራማ ያሳያል፣ ማታውኑ ይመለሳል። ይሄንንም የማህበረሰብ ቴአትር የሚሉት አሉ። እኔ ግን ተዟዟሪ ቴአትር ነው የምለው። ጥሩ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ የመንደሩ ሰው ድርሻ ግን ማጨብጨብ ብቻ ነበር።

የማህበረሰብ ቴአትር ነዋሪው ራሱ ታሪኩን አዋጥቶ፣ ራሱ ተውኖ፣ ራሱ የሚያርመው ነው። ባለሙያ አዘጋጅ ይኖራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ያለቀ ድርሰት ይዞ አይመጣም። ሰዎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጡና የገጠማቸውን ያወራሉ፣ ከወሬው አንዱ ተመርጦ ቆመው ይሞክሩታል፣ «ኧረ አማት እንዲህ አትናገርም!» የሚል ይነሳል፣ ይሳቃል፣ እንደገና ይሞከራል። ጽሑፉ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ድርሰት ይዞ መምጣትም ክልክል አይደለም፣ እንዲነካ ከተፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ ውስጥ፣ ሊሙሩ አጠገብ ባለችው ካሚሪቱ መንደር፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ በጊኩዩ ቋንቋ የጻፉትን ረቂቅ ለነዋሪው አቀረቡ። ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው የተወኑት፤ ጣራ የሌለውን ቴአትር ቤትም በእጃቸው ሠሩት። ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም እያሉ ደራሲዎቹን አረሟቸው! ልምምዱ በአደባባይ ስለነበር የመጣው ሁሉ አስተያየት ይሰጥ ነበር። ትርኢቱ በተከፈተ ሁለት ወር ሳይሞላው መንግሥት አገደው፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በዓመቱ ማብቂያ ታሰረ፣ በ1982 ደግሞ ፖሊስ ቴአትር ቤቱን አፈረሰው።

ብራዚላዊው የቴአትር አዘጋጅ አውጉስቶ ቦአል ተመልካቹን ጭራሽ ከመቀመጫው አስነሳው። አንድ ችግር በመድረክ ይታያል፣ መፍትሔ ሳያገኝ ያልቃል፣ ከዚያ እንደገና ሲጀመር ከተመልካቹ አንዱ «ቁም!» ብሎ ይወጣና ተዋናዩን ተክቶ የራሱን መላ ይሞክራል። ይሄ «ፎረም ቴአትር» ይባላል፣ ክርክር ነው በእርግጥ።

በትንሽ አካባቢ ግን ሁሉም ይተዋወቃል። የባልና ሚስት ጠብ ከተሠራ፣ ስም ቢቀየርም፣ የማን ቤት እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ የሦስት አራት ሰው ታሪክ ይቀላቀልና አንድ ገጸ ባሕርይ ይወጣዋል። ሌላው ችግር የእርሻ ሥራ ነው። አዝመራ ሲደርስ ከልምምድ ሰው ይጠፋል። ነገሩን የለመደ አዘጋጅ አይቆጣም፤ አንዱን ሚና ሁለት ሰው እንዲያጠናው ያደርጋል፣ ያን ቀን የተገኘው ይጫወተዋል።