ይገባዋል ወይስ አይገባውም? የሬስሊንግ የዝና አዳራሽ ክርክር በወሎ

ደሴ ውስጥ አዳራሽ ሲባል ቶሎ የሚታወሰው አይጠየፍ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ደሃ ነህ፣ እንግዳ ነህ ሳይል ሁሉንም ያበላ ነበር። የሬስሊንግ ወዳጆች ግን ሌላም አዳራሽ አለን። ሆል ኦፍ ፌም እንለዋለን፤ በአማርኛ የዝና አዳራሽ፣ ታላላቅ ተፋላሚዎች የሚከበሩበት። ይህኛው ሁሉንም አያስገባም። ማን ይገባዋል፣ ማን አይገባውም የሚለው ክርክር በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በወልድያም ሬስሊንግ የሚወዱ ሁለት ሰዎች ቡና ላይ በተገናኙ ቁጥር ይነሣል። አቦል ላይ ተጀምሮ በረካ ላይም አያልቅም።

እኔም የዚህ ክርክር አሮጌ ተሳታፊ ነኝ። ዳሰሳው ላይ የራሴን ፍርድም አልደብቅም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከቪዲዮ ቤት እስከ ስልክ

የእኔ ትውልድ ሬስሊንግን ያወቀው በቪዲዮ ቤት ነው። በር ላይ የቀኑ ፕሮግራም በጠመኔ ተጽፎ ይቆማል። ሳንቲማችንን ከፍለን አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ካሴቱ አሮጌ ስለሆነ ዓመታት ያለፉትን ግጥሚያ እንደ ትኩስ ዜና እናየው ነበር። አሸናፊው ማን እንደሆነ ቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ከተናገረ ተጣላን ማለት ነው። ኋላ ዲሽ መጣ፤ አሁን ደግሞ ስልክ። ስለዚህ የክርክሩ ጎራ የዕድሜም ነው። በተፋላሚው አንደርቴከር ዘመን ያደጉ አሉ፣ በጆን ሲና ዘመን ያደጉ አሉ፣ ከእነሱ በኋላ የመጡም አሉ። በዕድሜ ከፍ ያሉት ዛሬም ነፃ ትግል ነው የሚሉት።

የገጠሩ ልጅ ትግልን ከቪዲዮ በፊትም ያውቀዋል። ከብት ሲጠብቅ ከእኩያው ጋር ይያያዛል፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። ትግል ከገናና ከፈረስ ጉግስ ጋር ከባህል ስፖርቶቻችን አንዱ ነው። ቪዲዮው ላይ ዳኛው መሬቱን እየመታ ሦስት ሲቆጥር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳን አላስፈለገም።

የትኛው አዳራሽ?

ብዙውን ጭቅጭቅ የሚያመጣው አንድ ነገር ነው። ሁለቱ ተከራካሪዎች ስለተለያዩ አዳራሾች እያወሩ ነው፤ ግን አልታወቃቸውም።

ስሙ የገነነው ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው የአሜሪካ የሬስሊንግ ኩባንያ አዳራሽ ነው። በ1993 ጥር ወር ግዙፉ ፈረንሳዊ አንድሬ ዘ ጃይንት ለአባቱ ቀብር አገሩ ሄዶ ሳለ ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ኩባንያው እሱን ለማክበር ብሎ በዚያው ዓመት አዳራሹን መሠረተ። የዚያን ዓመት የገባው እሱ ብቻ ነው። ከ1994 እስከ 1996 በየዓመቱ ሥነ ሥርዓት ተደረገ፤ ከዚያ ተቋረጠ። በ2004 እንደገና ተጀመረና የኩባንያው ትልቁ ዓመታዊ ትርኢት ከሆነው ከሬስልማኒያ ሰሞን ጋር ተያያዘ። ይህ አዳራሽ ግን ግድግዳ የለውም። ሄዶ የሚጎበኝ ሕንፃ የለም። ያለው የስም ዝርዝርና በዓመት አንድ ምሽት ነው። መራጩም ኩባንያው ራሱ ነው። ከኩባንያው የተጣላ ደጅ ላይ ይቆያል፤ ሲታረቅ ይገባል። ለታዋቂ ሰዎች የተለየ ክፍልም አለው፤ ዶናልድ ትራምፕ በ2013 የገባው በዚያ በኩል ነው።

ሁለተኛው በድምፅ የሚወሰን ነው። ጋዜጠኛው ዴቭ ሜልትዘር በሚያዘጋጀው ሬስሊንግ ኦብዘርቨር በተባለ ኅትመት በ1996 ተጀመረ። ተፋላሚዎች፣ ጋዜጠኞችና የታሪክ አጥኚዎች ድምፅ ይሰጣሉ። ለመግባት 60 በመቶ ያስፈልጋል። ከ10 በመቶ በታች ያገኘ ከዝርዝሩ ይወጣል። የጃፓንና የሜክሲኮ ሰዎችም በየራሳቸው ምድብ ይታያሉ። ሦስተኛው በ1999 ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ተመሥርቶ ኋላ ወደ ቴክሳስ የሄደ ሙዚየም ነው።

እንግዲህ አንዱ "እገሌ እስካሁን አለመግባቱ ግፍ ነው" ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ጋ የሚለው ነው። በኩባንያው ዝርዝር ቀርቶ በድምፅ የገባ አለ። በድምፅ ወድቆ በኩባንያው የተሸለመም አለ።

ሰዓት የሌለው ስፖርት

ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራሰልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሲጨርስ ሰዓቱ ተናገረ። ክርክር የለም። ሬስሊንግ ግን እንዲህ ያለ ሰዓት የለውም። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል። ይህንን ኩባንያው ራሱ በ1989 ለኒው ጀርሲ የሕግ አውጪዎች ተናግሯል፤ ሥራችን መዝናኛ እንጂ የስፖርት ውድድር አይደለም ብሎ።

"ድራማ ከሆነማ ምን ያከራክራል?" የሚሉ ብዙ ናቸው። ለእኔ ግን የሚያከራክረው ድራማ ስለሆነ ነው። ጆን ሲና በ2025 ለ17ኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮንነት ቀበቶ ወስዶ የቀድሞውን ተፋላሚ የሪክ ፍሌርን 16 አልፏል። ይህ ቁጥር ትልቅ ነው። ሆኖም ቀበቶውን የሚሰጠው ጽሑፉን የሚጽፈው ክፍል ነው። የሚነግረን ኩባንያው ሰውየውን ምን ያህል እንዳመነበት ነው። ስለዚህ ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል። በክርክራችን ውስጥ የሚነሡት ሚዛኖች ሕዝብ የመሳብ ኃይል፣ የሪንግ (የመፋለሚያው መድረክ) ውስጥ ችሎታ፣ በሥራው ላይ የተወው አሻራና የሰውየው ጠባይ ናቸው። ሚዛኑ ሳይታወቅ ስም መጥራት ያለ ድንበር ምልክት መሬት እንደመካፈል ነው።

ሕዝብ ከመሳብ አንፃር ብሩኖ ሳማርቲኖን የሚያህል ጥቂት ነው። በ1963 ግንቦት ቀበቶውን ወሰደና እስከ 1971 ጥር ድረስ ያዘው። ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው። ይህ ሰው ግን ለብዙ ዓመታት የኩባንያውን አዳራሽ አልገባም አለ። በሙያው ውስጥ የተንሰራፋው የመድኃኒት አጠቃቀምና የትርኢቱ ይዘት አላስደሰተውም። የገባው በ2013 ነው፤ ያውም የእሱ ቤት በሚባለው የኒው ዮርክ አዳራሽ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ያስተዋወቀው አርኖልድ ሽዋዘኔገር ነበር። አዳራሹ ክብር አገኘ ካልን ያን ምሽት ነው ባይ ነኝ። እሱ ያለ አዳራሹም ትልቅ ነበር።

ግሬት ካሊ ሌላው ጫፍ ነው። ሕንዳዊው ግዙፍ ሰው ከ2 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሪንግ ውስጥ ግን ከባድና ዘገምተኛ ነው። በ2021 ሲገባ እኛ ጋ ያልተቆጣ የለም። እኔም ተቆጥቻለሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። በ2007 ከሕንድ የተነሣ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለአንድ ታላቅ አገር ልጆች በሩን ከፈተ። በችሎታ ሚዛን ይወድቃል፤ በአሻራ ሚዛን ያልፋል።

ቻይና የምትባለዋ ሴት ተፋላሚ ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል። በ1999 ወንዶችን ገጥማ የኢንተርኮንቲኔንታል ቀበቶ የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ2016 ሞተች። አዳራሹ የገባችው በ2019 ነው፤ እሱም ብቻዋን ሳይሆን ዲ ጄኔሬሽን ኤክስ ከሚባለው ቡድን ጋር ተደምራ። በስሟ ብቻ መጠራት ነበረባት።

ደም ያለበት ጉዳይ

አራተኛው ሚዛን፣ ጠባይ፣ ሁሉንም ዝም የሚያሰኝ ነው። ሃልክ ሆጋን በ2005 ገባ። በ2015 የዘረኝነት ንግግሩ ሲወጣ ስሙ ከዝርዝሩ ተሰረዘ፤ በ2018 ተመለሰ። በ2025 ሲሞት እንኳ ሐዘኑ ላይ ክርክር ነበር። ጥቁር ተፋላሚዎች ይቅርታውን ካልተቀበሉት የኩባንያው ይቅርታ ምን ዋጋ አለው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ልክ ናቸው።

ከሁሉም የከበደው የክሪስ ቤንዋ ነው። በሪንግ ችሎታ እንከን አይወጣለትም። በ2007 ሰኔ ሚስቱንና ትንሹን ልጁን ገደለና ራሱን አጠፋ። ኩባንያው አዳራሹ ውስጥ አላስገባውም። በድምፅ በሚወሰነው ግን በ2003 ገብቶ ነበር። በ2008 ይውጣ ወይስ ይቆይ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ። ይውጣ ያሉት ከግማሽ በለጡ፤ 60 በመቶ ግን አልሞሉም። ስለዚህ ቀረ።

በወሎ አበጋር የሚባል የእርቅ ሥርዓት አለ። ደም የተቃቡ ሰዎችን ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ትልቁ ነገር የተበዳይ ወገን ነው። እሱ እሺ ሳይል እርቅ የለም። የቤንዋ ጉዳይ ሲነሣ ሁልጊዜ ይህንን አስባለሁ። ከዚያ ቤት እሺ ሊሉ የሚችሉት ሚስትና ልጅ የሉም። አንጎሉ ተመርምሮ ከባድ ጉዳት እንደተገኘበት አውቃለሁ። ጉዳቱ ምን እንደሆነ ሊያስረዳን ይችላል፤ ሽልማት ግን ሌላ ነገር ነው። ግጥሚያዎቹ በታሪክ ይጻፉ። ስሙ የክብር ምሽት ላይ አይጠራ።

በዚያው ሚዛን የተፋላሚው ኦወን ሃርት ጉዳይ ተቃራኒ ነው። እሱ ምንም አላጠፋም። በ1999 ግንቦት 23 ካንሳስ ሲቲ ላይ ለትርኢት ከጣሪያ በገመድ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። ወንድሙ ብሬት በ2006 አዳራሹ ገብቷል። ኦወንን ግን ባለቤቱ ማርታ አልፈቀደችም። ባሏን ያጣችበት ኩባንያ በስሙ ድግስ እንዲደግስ አትፈልግም። ብዙ ደጋፊ ይህንን አይቀበላትም። "ለእኛም ይገባናል" ይላል። እኔ ግን ማርታ ጋ ነኝ። ኦወን ይገባዋል፤ እሺ የማለት መብቱ ግን የቤተሰቡ ነው።

የአፍሪካ ስም

ልጅ ሆነን ካማላ የሚባለውን "የኡጋንዳ ግዙፍ" እንፈራው ነበር። በባዶ እግሩ፣ ፊቱንና ሆዱን ተቀብቶ፣ ጦር ይዞ ይመጣል። አይናገርም፤ ይጮኻል። እውነት ኡጋንዳዊ ይመስለን ነበር። ሰውየው ጄምስ ሃሪስ የሚባል የሚሲሲፒ ተወላጅ ነው። አፍሪካን እንዲህ አድርገው መሳላቸው ሳድግ አሳመመኝ። እሱ ግን እንጀራውን እየበላ ነበር። ኋላ በስኳር በሽታ ሁለቱንም እግሮቹን አጣ፤ በ2020 ሞተ። ኩባንያው ያስገባው በ2025 ነው፤ በጥንታውያኑ መታሰቢያ ክፍል። ሰውየው ይገባዋል። ገጸ ባሕሪው የሚያሳፍረው የፈጠሩትን ነው።

ከዚህ ጋር ሁሌ የሚነሣው ኮፊ ኪንግስተን ነው። ጋና ተወልዶ አሜሪካ አደገ። ኩባንያው መጀመሪያ ያስተዋወቀው ጃማይካዊ ነው ብሎ ነበር። የአሜሪካው ልጅ ኡጋንዳዊ፣ የጋናው ልጅ ጃማይካዊ! በ2009 ግን ከጋና ነው ተብሎ በትክክለኛ አገሩ መጠራት ጀመረ። በ2019 ሚያዝያ 7 ሬስልማኒያ ላይ ዳንኤል ብራያንን ጥሎ የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን ሆነ። ከአፍሪካ ምድር የተወለደ የመጀመሪያው ነው።

ተቃዋሚዎቹ የሚያነሡት ነገር አላቸው። ዋናውን ቀበቶ የያዘው አንዴ ብቻ ነው። በጥቅምት ብሮክ ሌስናር በሰከንዶች ውስጥ ነጠቀው። ደጋፊዎቹ ደግሞ ከኒው ዴይ ቡድን ጋር የጥምር (በቡድን የሚያዘውን) ቀበቶ 483 ቀን መያዙን ይጠራሉ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ወዳጄ ቁጥሩን ሁሉ ይተወዋል። "ወላሂ፣ እኔ ልጆቹን ነው ያየሁት" ይላል። ያን ምሽት የኮፊ ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ሪንግ ውስጥ ገብተው ከአባታቸው ጋር ቆመው ነበር። ወዳጄ በስልኩ ሲያየው የራሱ ልጅ ጭኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ልጁ "ይሄ ከየት ነው?" አለው። ከአፍሪካ ነው አለው።