ስለ ሜጂ ዘመን ጃፓን የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጃፓን ከ1868 ወዲህ፣ ማለትም በንጉሠ ነገሥት ሜጂ ዘመን፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከፊውዳል ሥርዓት ወጥታ ከኃያላኑ መንግሥታት ጎን መሰለፏ በአገራችን ምሁራን ዘንድ ለረጅም ጊዜ በአድናቆት ሲወሳ ኖሯል። አድናቆቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ታሪኩ ሲደጋገም ዋጋውና ጉዳቱ እየተሸፈነ የስኬት ተረት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጃፓን የአሜሪካ መርከቦች እስኪመጡ ድረስ ከዓለም ተለይታ ትኖር ነበር»

ኮሞዶር ማቲው ፔሪ በ1853 አራት የጦር መርከቦች ይዞ ሲመጣ አገሪቱን ይመሩ የነበሩት ወታደራዊ ገዥዎች፣ የቶኩጋዋ ሾጉኖች፣ የውጭ ንግድን በጥብቅ ይቆጣጠሩ ነበር እንጂ ፈጽመው አልዘጉትም። በናጋሳኪ ወደብ፣ ደጂማ በተባለች በሰው እጅ በተሠራች ትንሽ ደሴት፣ የኔዘርላንድስ ነጋዴዎች ይነግዱ ነበር፤ ቻይናውያንም በዚያው ከተማ ሰፈር ነበራቸው፤ ከኮሪያ ጋር የነበረው ግንኙነት ደግሞ በቱሺማ ደሴት ገዥዎች በኩል ይካሄድ ነበር። ከደች (ከኔዘርላንድስ) ቋንቋ የተተረጎመ የአናቶሚ መጽሐፍ በ1774 ታትሟል። የሳጋ ግዛት ሰዎች ከደች መጽሐፍ ተምረው ለመድፍ ሥራ የሚሆን የብረት ማቅለጫ ምድጃ መገንባት የጀመሩትም በ1850፣ ማለትም ፔሪ ከመምጣቱ በፊት ነው።

«ለውጡን ያመጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው»

በጥር 1868 ሥልጣን ከሾጉኑ ተወስዶ ለንጉሠ ነገሥቱ ተመለሰ ተብሎ ሲታወጅ ሜጂ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበሩ። ሥራውን በስማቸው የሠሩት በአብዛኛው ከሳትሱማና ከቾሹ ግዛቶች የመጡ፣ ማዕረጋቸው ከፍ ያላለ ወጣት ሳሙራዮች (የጦረኛ መደብ አባላት) ነበሩ፤ ኦኩቦ ቶሺሚቺና ኢቶ ሂሮቡሚ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ኢቶ በዋናነት ያረቀቁት የ1889 ሕገ መንግሥት ፓርላማ ቢያቋቁምም፣ በ1890ው የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ የሰጡት ቢያንስ 15 የን ቀጥተኛ ግብር የሚከፍሉ ወንዶች ብቻ ስለነበሩ፣ መራጩ ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ነበር።

«ሕዝቡ ሥልጣኔውን በአንድ ልብ ተቀበለው»

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነው። በ1873 የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ገበሬው የመሬቱን ግምት 3 በመቶ በየዓመቱ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍል አስገደደው፤ ዝናብ ቢጠፋም ምርት ቢያንስም ግብሩ አይቀነስም ነበር። በዚያው ዓመት የግዴታ ውትድርና ታወጀ። በየአካባቢው ገበሬዎች ተነሡ፤ መንግሥትም በ1877 ግብሩን ወደ 2.5 በመቶ ለማውረድ ተገደደ። ጥቅማቸውን ያጡ የሳትሱማ ሳሙራዮችም በዚያው ዓመት በሳይጎ ታካሞሪ መሪነት ሸፍተው፣ ከገበሬ ልጆች በተመለመለው አዲስ ጦር ተደመሰሱ።

መንግሥት በ1872 በቶሚዮካ ባቋቋመው የሐር ፋብሪካ 300 የክር ማውጫ ገንዳዎች ተተክለው ሳለ ሠራተኛ ጠፋ። ፈረንሳውያኑ ባለሙያዎች ቀይ ወይን ሲጠጡ ያየ ሁሉ የልጃገረዶችን ደም ይጠጣሉ ብሎ አስወራ፤ የፋብሪካው ዳይሬክተር ወሬውን ለማጥፋት የገዛ ልጃቸውን አስቀጠሩ። ቶሚዮካ ለማሳያነት የተሠራ በመሆኑ አያያዙ የተሻለ ነበር። በኋላ በናጋኖና በሌሎች አካባቢዎች በተስፋፉት የግል ፋብሪካዎች ግን አባት ቅድሚያ ገንዘብ ተቀብሎ ውል ይፈርማል፤ ልጅቱ ከንጋት እስከ ምሽት ሠርታ ዕዳውን ትከፍላለች፤ ብዙዎቹም የሳንባ ነቀርሳ ይዘው ወደ መንደራቸው ተመልሰዋል። ለመሣሪያና ለማሽን መግዣ የዋለው የውጭ ምንዛሪ በከፍተኛ ደረጃ የተገኘው ከዚህ ሐር ነው።

«ወረራው በ1930ዎቹ ጄኔራሎች የመጣ ድንገተኛ መንሸራተት ነው»

ጃፓን በ1874 ወደ ታይዋን ጦር ልካለች፤ በ1876 ደግሞ ፔሪ በእርሷ ላይ የፈጸመውን በኮሪያ ላይ ደግማ፣ በጦር መርከብ አስፈራርታ ያልተመጣጠነ ውል አስፈርማለች። በ1894 እና 1895 ቻይናን ድል አድርጋ ታይዋንን ወሰደች፤ 200 ሚሊዮን ቴል (የቻይና የክብደት መለኪያ) ብር የጦር ካሳም አስከፈለች። ካሳው ለጦር ኃይሉ ማስፋፊያ፣ በ1901 ሥራ ለጀመረው የያዋታ ብረት ፋብሪካ እንዲሁም የአገሪቱን ገንዘብ በወርቅ ለመደገፍ ዋለ። ስለዚህ ፋብሪካውና ወረራው እርስ በርስ ይመጋገቡ ነበር፤ አንዱን አመስግኖ ሌላውን እንደ ባዕድ መቁጠር አይቻልም። ጃፓን የራሷን የጉምሩክ ቀረጥ በነፃነት የመወሰን መብት ያስመለሰችው በ1911፣ ኮሪያን ሙሉ በሙሉ ከጠቀለለች ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባዋል።

«ሩሲያን ያሸነፈችው በራሷ ኃይል ብቻ ነው»

ከሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት፣ በ1905 በቱሺማ የባሕር ውጊያ የተሳተፉት የአድሚራል ቶጎ አራት ታላላቅ የጦር መርከቦች፣ ሚካሳን ጨምሮ፣ ሁሉም በብሪታንያ የተሠሩ ነበሩ፤ ከጦርነቱ ወጪም ትልቅ ድርሻ የተሸፈነው በለንደንና በኒውዮርክ በተገኘ ብድር ነበር።

«ጃፓን የተጨቆኑ ሕዝቦች አለኝታ ነበረች»

ይህ እምነት እኛንም ይነካል። የ1931ዱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከሜጂው ብዙ ወስዷል፤ በዚያው ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተዋል። ጣሊያን ሲወረንም በርካታ ጃፓናውያን ከልባቸው አዝነውልናል። የቶኪዮ መንግሥት ግን ከቻይና ለያዘው ለማንቹሪያ ጉዳዩ የጣሊያንን ድጋፍ ይፈልግ ስለነበር፣ በ1936 መጨረሻ ለወረራው እውቅና ሰጥቶ የአዲስ አበባ ሌጋሲዮኑን (የዲፕሎማሲ መልእክተኛ ጽሕፈት ቤቱን) ወደ ቆንስላ ዝቅ አደረገ።