«እኛን ማን ይጠይቀናል?» እና ሌሎች ስለ ገጠር ኢንዱስትሪ የሚባሉ ስህተቶች

ገጠር ውስጥ ማዕድን፣ ፋብሪካ ወይም የድንጋይ ካባ ሊከፈት ነው ሲባል ሁለት ወሬ ይነሳል። አንዱ «እኛን ማን ይጠይቀናል?» ይላል። ሌላው «ሕዝቡ እምቢ ካለ ማን ይነካናል?» ይላል። ሁለቱም ሰውን ይጎዳሉ። የመጀመሪያው ተስፋ ያስቆርጣል፣ ሁለተኛው ያዘናጋል።

«ፈቃዱ የሚሰጠው ከላይ ስለሆነ የአካባቢውን አስተዳደር አያገባውም።»

ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ከላይ መሰጠቱ እውነት ነው። ግን «እንዴት ይሠራ?» እና «የት ይሠራ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ 14 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ድራይደን የምትባል የገጠር ከተማ አለች። አንድ ኩባንያ እዚያ ከ22 ሺህ ኤከር በላይ መሬት ላይ የጋዝ ቁፋሮ መብት ተከራይቶ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከተማዋ የመሬት አጠቃቀም ደንቧን አሻሽላ ቁፋሮን ከለከለች። ኩባንያው «ጋዝ የግዛቱ ጉዳይ ነው» ብሎ ከሰሳት። በ2014 የግዛቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት 5 ለ 2 በሆነ ድምፅ ለከተማዋ ፈረደ። የግዛቱ ሕግ የቁፋሮውን አሠራር ይመራል እንጂ መሬቱ ለምን ይዋል የሚለውን ከከተማዋ አልነጠቀም አለ። ልብ በሉ፣ ክርክሩ ሲመጣ ድራይደን በእጇ የተጻፈ ደንብ ነበራት።

«ሕዝቡ ድምፅ ከሰጠ አለቀ።»

አላለቀም። የቴክሳሷ ዴንተን በ2014 መጨረሻ ፍራኪንግ የሚባለውን የጋዝ ማውጫ ዘዴ በሕዝበ ውሳኔ ከለከለች። ሰባት ወር ሳይሞላ ግዛቱ ይህን የመሰለ እገዳ የሚሽር ሕግ አወጣ። ኮሎምቢያ ውስጥ የካሃማርካ ሰዎች በ2017 ከ97 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ የወርቅ ማዕድኑን አንፈልግም አሉ። በዓመቱ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ የአካባቢ ሕዝበ ውሳኔ ብቻውን ማዕድን ማገድ አይችልም ብሎ ወሰነ። ያን ያህል ሰው ተሰልፎ ድምፅ ሰጥቶ እንዲህ ሲሆን ማየት ያማል። ለዚህ ነው ቅስቀሳው ከመጀመሩ በፊት የበላዩ ሕግ ምን እንደሚፈቅድ ማጣራት የሚያስፈልገው።

«ሥልጣን ማለት መከልከል ነው።»

እኔን በጣም የሚቆረቁረኝ ይሄኛው ነው። ትልቁ ሥልጣን ያለው በቅድመ ሁኔታዎቹ ውስጥ ነው። የድንጋይ ካባ እናስብ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚማረረው በጉድጓዱ ሳይሆን በገልባጩ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እያጓራ በሚያልፈው፣ ሸራ ሳይለብስ ጠጠር እያንጠባጠበ በሚሄደው፣ ተማሪ በሚሄድበት መንገድ ላይ አቧራ በሚያቦነው። የሥራ ሰዓቱን፣ የሚሄድበትን መንገድና የጭነቱን መሸፈን በፈቃዱ ላይ ማስጻፍ ይቻላል። የአካባቢው የጉድጓድ ውሃም ሥራው ሳይጀመር መመርመር አለበት። ቀድሞ ያልተለካን ውሃ በኋላ «ተበላሸብን» ብሎ ማስረዳት ጭንቅ ነው።

መንገዱን ደግሞ አትርሱት። መሐንዲሶች ከ1950ዎቹ መጨረሻ የመንገድ ሙከራ ጀምሮ የሚሠሩበት ስሌት አለ። በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚያያይዘው ዘንግ) ላይ ያለው ጭነት በእጥፍ ሲጨምር አስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ያድጋል። በቤት መኪና ልክ የተሠራ የገጠር መንገድ ይህን አይችልም። መጠገኛውን ገንዘብ አስቀድሞ በዋስትና ማስያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ካባው ሲዘጋ ጉድጓዱን ለመሙላትም እንዲሁ፤ ኩባንያው ከሰረ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም።

«ፋብሪካ መጣ ማለት ሥራ መጣ ማለት ነው።»

በ2017 ፎክስኮን የተባለው የኤሌክትሮኒክስ አምራች በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ ማውንት ፕሌዘንት በተባለች መንደር 13 ሺህ የሥራ ዕድል ሊፈጥር ቃል ገባ። መንደሯ ተበድራ መሬት ገዛች፣ መንገድና የውሃ መስመር ዘረጋች፤ ቤቶች ፈረሱ። በ2021 ውሉ ሲከለስ ቁጥሩ 1,454 ሆነ። ግዛቱ የግብር ማበረታቻውን ከተቀጣሪው ብዛት ጋር አስሮት ስለነበር አብዛኛውን ሳይከፍል ቀረ። መንደሯን የደገፋት ደግሞ ኩባንያው ሠራም አልሠራም የተወሰነ የንብረት ግብር እንዲከፍል የሚያስገድደው የውሉ አንቀጽ ነው። ስለዚህ «ስንት ሰው ይቀጠራል?» ብቻ ሳይሆን «ካልተቀጠረስ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

«ውሳኔው ለአካባቢው ከተተወ ሁሌም ጥሩ ነው።» ይሄም ልክ አይደለም። እንግሊዝ በ2015 የየብስ የነፋስ ኃይልን በአካባቢ ድጋፍ ላይ አጥብቃ ስላሰረችው፣ መመሪያው በ2024 እስኪነሳ ድረስ አዲስ ግንባታ ቆመ ማለት ይቻላል። ዴንማርክ በ2009 የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። የነፋስ ኃይል ገንቢው ቢያንስ 20 በመቶ ድርሻ ለጎረቤት ነዋሪዎች ለሽያጭ እንዲያቀርብ አስገደደች።

«ገና ነው፣ ሲጀመር እንነጋገራለን።»

ሕንድ ኦዲሻ ውስጥ ኒያምጊሪ የተባሉት ተራሮች ለዶንግሪያ ኮንድ ሕዝብ ቅዱስ ናቸው። በ2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቬዳንታ የተባለው ኩባንያ እዚያ ቦክሳይት (አሉሚኒየም የሚሠራበትን ማዕድን) ያውጣ ወይስ አያውጣ የሚለውን የመንደር ጉባኤዎች እንዲያዩት አዘዘ። 12 መንደሮች ተሰበሰቡ፤ 12ቱም እምቢ አሉ። ተራራው ተረፈ። የኩባንያው ማጣሪያ ግን ከዓመታት በፊት ግርጌው ላይ ተሠርቶ ነበር። ከሌላ ቦታ ቦክሳይት እየተጫነለት እዚያው መሥራቱን ቀጠለ።