የፎርሙላ ወተት ገንዘብና የጤና ባለሙያዎች ጉባኤ

የሕፃናት ሐኪሞች፣ አዋላጆችና ነርሶች የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ገንዘብ ይፈልጋል። አዳራሽ ይከራያል፣ ምሳ ይቀርባል፣ ለእንግዳ ተናጋሪ ትኬት ይቆረጣል። በብዙ አገር ይህን ወጪ ሲሸፍኑ ከኖሩት መካከል የፎርሙላ ወተት፣ ማለትም በጡት ወተት ፋንታ ለሕፃናት የሚሰጥ የጣሳ ወተት፣ አምራቾች ይገኙበታል። አሁን ግን ይህን ገንዘብ «አንቀበልም» የሚሉ የሙያ ማኅበራት አሉ። ልክም ናቸው።

ነገሩ ጉቦ አይመስልም። ተሳታፊው ሲመዘገብ የሚቀበለው ቦርሳ ላይ የኩባንያው ምልክት አለ። የአንገት ባጁ ማንጠልጠያ ላይም፣ እስክሪብቶው ላይም አለ። በሻይ ሰዓት ቡናው የሚቀዳው ከኩባንያው ጠረጴዛ አጠገብ ነው። እዚያ ስለ ሕፃናት አለርጂና ስለ ሆድ ቁርጠት የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት ይታደላል፤ መፍትሔው ደግሞ የኩባንያው ጣሳ ነው። አንዳንዴ መድረክ ላይ የወጣው ፕሮፌሰርም የመጣው በዚያው ኩባንያ ወጪ ነው። «በአንድ እስክሪብቶ ሐሳቤን አልቀይርም» የሚል ሐኪም ብዙ ነው። ኩባንያ ግን ትርፍ የሌለው ነገር ላይ ዓመት በዓመት ገንዘብ አያፈስም። እናት ከማስታወቂያ ይልቅ ሐኪሟን እንደምታምን ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ8 አገሮች አስጠንተው በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት፣ ከተጠየቁት ሴቶች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት አንድ የጤና ባለሙያ የተወሰነ የፎርሙላ ብራንድ እንደመከራቸው ተናግረዋል።

ፎርሙላ የግድ የሚያስፈልጋቸው ሕፃናት አሉ፤ ይህ አያከራክርም። ጥያቄው ሐኪሙ ስለ ፎርሙላ ከማን ይማር የሚለው ነው።

ዓለም አቀፉ የጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ደንብ የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በሚሰበሰቡበት የዓለም ጤና ጉባኤ ላይ በግንቦት 1981 እ.ኤ.አ. ጸድቋል። 118 አገሮች ደገፉት፣ 3 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ደንቡ ምርት ለማስተዋወቅ ለጤና ባለሙያ ገንዘብም ስጦታም መስጠትን ይከለክላል። የጉባኤ ወጪን በተመለከተ ግን የጠየቀው ድጋፉ ባለሙያው ለሚሠራበት መሥሪያ ቤት እንዲገለጽ ብቻ ነው። በዚህ ክፍተት ብዙ ገንዘብ አልፏል። ስፖንሰሩን በስላይድ ላይ መጻፍ ገንዘቡን ከአዳራሹ አያስወጣውም። የ1996 እና የ2005 የዓለም ጤና ጉባኤ ውሳኔዎች ስለ ጥቅም ግጭት አስጠነቀቁ። የ2016 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ደግሞ ኩባንያዎቹ የጤና ባለሙያዎችንና የሳይንስ ስብሰባዎችን ስፖንሰር እንዳያደርጉ በግልጽ አስቀመጠ። ይህም ቢሆን አገሮች በሕጋቸው ካላካተቱት አስገዳጅ አይሆንም። ሕንድ በ1992 ባወጣችውና በ2003 ባጠበቀችው ሕግ አካታዋለች።

ከሁሉ የሚያስተምረው የእንግሊዙ የሕፃናት ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የተባለው የሙያ ማኅበር ታሪክ ነው። በ2016 አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ በጠባብ ልዩነት ገንዘቡ ይቅር ብለው ድምፅ ሰጡ። ኮሌጁ ግን ሌሎች አባላትን አማክሮ በቅድመ ሁኔታ መቀበሉን ቀጠለ። በጥር 2019 ካይሮ ላይ ያካሄደው ጉባኤ በፎርሙላ ኩባንያዎች መደገፉ ቁጣ ቀሰቀሰ። በቀጣዩ ወር ኮሌጁ ገንዘቡን መቀበል እንደሚያቆም አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የተባለው የሕክምና መጽሔት የፎርሙላ ማስታወቂያ ማተም እንደሚያቆም ገለጸ።

ያለ ኩባንያ ገንዘብ ጉባኤ ማካሄድ ይቻላል፤ ድግሱ ግን ይቀንሳል። በሆቴል ፋንታ የዩኒቨርሲቲ ወይም የሆስፒታል አዳራሽ ይያዛል። የምዝገባ ክፍያ ይጠየቃል፣ ከሩቅ ያለው ተናጋሪ በኢንተርኔት ይገባል። ዋናው ነገር ክልከላው ስፖንሰር ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መቀመጡ ነው። ጉባኤው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመጣን ቼክ መመለስ በጣም ይከብዳል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት 59 በመቶው የእናት ጡት ብቻ የሚጠቡ ነበሩ። ለሻጭ ይህ ገና ያልተነካ ገበያ ነው። ዛሬ ደግሞ ኩባንያው አዳራሽ መከራየት አያስፈልገውም። ነፃ ዌቢናር ከነሰርተፊኬቱ በስልክ ይደርሳል፤ የጋባዡ ስም ብዙ ጊዜ «የሥነ ምግብ ተቋም» ነው። ከመመዝገብ በፊት ከተቋሙ ጀርባ ማን እንዳለ ማጣራት የባለሙያው ፋንታ ነው።