ሽልማት በሱስ ሕክምና፦ የአማካሪዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሱስ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ምርመራው ከመጠጥ ወይም ከዕፅ ነጻ መሆኑን ሲያሳይ ወዲያውኑ አነስተኛ ሽልማት መስጠት በሌላው ዓለም ከ30 ዓመታት በላይ ሲፈተሽ የቆየ የሕክምና ዘዴ ነው። እዚህ ጅማ ግን ከአማካሪዎች ጋር ጉዳዩን ባነሳሁ ቁጥር ተመሳሳይ ተቃውሞ ይገጥመኛል፤ ተቃውሞው ከቅንነት የሚመነጭ ቢሆንም ታካሚን ከሚጠቅመው እርዳታ ስለሚያርቅ አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

«ሽልማት ጉቦ ነው።»

ጉቦ የሚሰጠው ተቀባዩ ያልተገባ ነገር እንዲፈጽም፣ ጥቅሙም ለሰጪው እንዲሆን ነው። እዚህ ግን ታካሚው የሚጠየቀው ራሱ ፈልጎ የመጣበትን ነገር ሲሆን፣ ተጠቃሚውም እርሱ ነው።

«ልቡ የቆረጠ ሰው ሽልማት አያስፈልገውም።»

ከሁሉ የሚጎዳው ይህ አመለካከት ይመስለኛል። ከሄርማታ ገበያ ጫት ገዝቶ በርጫ የሚቀመጥ ወጣት ምርቃናውን በዚያው ከሰዓት ያገኘዋል፤ ማታ ደግሞ ለጨብሲ ወደ መጠጥ ቤት ይሄዳል። የመተው ጥቅም፣ ማለትም ጤናው፣ ገንዘቡና የቤተሰቡ አመኔታ፣ የሚመለሰው ግን ከወራት በኋላ ነው። ቁርጠኝነት የሚፈተነው በዚህ መሐል ሲሆን ሽልማቱም የተዘጋጀው ለዚሁ ጊዜ ነው።

በአሜሪካ የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲው ስቴፈን ሂጊንስና ባልደረቦቹ ለኮኬይን ታካሚዎች ባወጡት አሠራር፣ የመጀመሪያው ንጹህ የሽንት ናሙና 2.50 ዶላር የሚያወጣ ነጥብ ያስገኛል፤ ቀጣዩ በ1.25 ዶላር እያደገ ይሄዳል፤ ዕፅ ከተገኘ ደግሞ ታካሚው ወደ መነሻው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት ሁለቱም ቡድኖች ያገኙት ምክር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ የ24 ሳምንቱን ሕክምና የጨረሱት ከሽልማት ጋር 75 በመቶ፣ ያለ ሽልማት 40 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ሽልማቱ የምክርን ቦታ አልነጠቀም፤ ምክሩን የሚሰማ ታካሚ አቆየ እንጂ።

«ገንዘቡን መልሶ ለሱሱ ያውለዋል።»

በእነሂጊንስ አሠራር ጥሬ ገንዘብ በታካሚው እጅ አይገባም፤ የሚፈልገውን ዕቃ የሚገዙለት ሠራተኞቹ ናቸው።

«ለእኛ አቅም ውድ ነው።»

ናንሲ ፔትሪ የተባሉት ተመራማሪ ያስፋፉት አሠራር ለዚህ መልስ ይሰጣል። ታካሚው ከሳህን ውስጥ ዕጣ ያወጣል፤ ግማሽ ያህሉ ዕጣ ምንም ሽልማት የለውም፣ አብዛኛው ቀሪ 1 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ዕቃ ያስገኛል፣ ትልልቆቹ ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት ከመጠጥ ሱስ ሲታከሙ ከነበሩ 42 የቀድሞ ወታደሮች መካከል ለ8 ሳምንታት በሕክምናው የቆዩት ዕጣ ከሚያወጡት 84 በመቶ፣ ከሌሎቹ 22 በመቶ ነበሩ። በእኛ ከተማ ሳሙና፣ ስኳር፣ የሞባይል ካርድ ወይም ለልጆች የሚሆን ደብተር ይህንኑ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

«ሽልማቱ ሲቆም ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።»

የሚመለሱ አሉ፤ በማንኛውም የሱስ ሕክምና እንደሚሆነው ሁሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና 23 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ ጥቅሙ ሽልማቱ ከቆመ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ እንደሚታይ አመልክቷል።

«ለጥረቱ ከሆነ ማበረታታት አይከፋም።»

ይህ የተቃዋሚዎች ሳይሆን የደጋፊዎች ስሕተት ነው። ምርመራው መጠጥ ወይም ዕፅ ያሳየበትን ታካሚ አዝኖ መሸለም፣ ወይም ሽልማቱን ለሳምንታት ማዘግየት አሠራሩን ከሥሩ ያፈርሰዋል። የመመርመሪያ ኪት የሌለው ክሊኒክ በታካሚው ቃል ብቻ ከመሸለም ይልቅ በቀጠሮ መገኘትን ቢሸልም ይሻላል፤ ይህን ለማረጋገጥ የቀጠሮ መዝገቡ ይበቃል።