ቸርኬ ይገጥማል የሚባለው መቼ ነው?
ባሕር ዳር ያላችሁ የቪትዝ ባለቤቶች፣ «4 ቀዳዳ ካለው ቸርኬው ይገባል» የሚባለውን አትመኑ። የቪትዝ ልክ 4×100 ነው፦ ከአንዱ ቀዳዳ መሃል ፊት ለፊቱ እስካለው ቀዳዳ መሃል 100 ሚሊ ሜትር። ለክታችሁ 108 ካገኛችሁ ተዉት። ዳዶ በግድ ቢጠብቅም ቡሎኑ ይጣመማል፣ ዳዶውም እየላላ ጎማ እስከ መውለቅ ያደርሳል። ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው!

የመሃሉ ትልቅ ቀዳዳ ከ54.1 ሚሊ ሜትር ከጠበበ አይገባም፤ ከሰፋ የማጣበቢያ ቀለበት አስገቡለት፣ አለዚያ መሪ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

ቸርኬው ላይ «ኢቲ» (ET) ተብሎ የተጻፈውን ቁጥርም እዩ፤ ከቸርኬው ስፋት መሃል መኪናው ላይ እስከሚታሰርበት ገጽ ያለው ርቀት ነው፣ በሚሊ ሜትር። የቸርኬው ስፋት እኩል ሆኖ ቁጥሩ ከ45 ወደ 35 ከወረደ፣ ጎማው 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ፓራፋንጎ መንካቱ ግን እንደ ጎማው ስፋትና ቁመት ይለያያል። ጎሚስታው እንደገጠመላችሁ ሰው ጭናችሁ መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ ጥግ አዙሩና አረጋግጡ።