በሩት ካናል ሕክምና የሥር ቦይ እጥበት በመሐል አዲስ አበባ

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ባሉ የጥርስ ክሊኒኮች ታካሚው «ነርቩን ግደሉልኝ» ብሎ የሚመጣበት ሕክምና ሩት ካናል ነው፦ የተበከለውን ሥጋ ከጥርሱ ሥር ቦይ አውጥቶ፣ ቦዩን አጥቦ መድፈን። ውጤቱን በዋናነት የሚወስነው እጥበቱ ነው። ፋይል (ቦዩን የሚፍቀው ቀጭን የብረት መሣሪያ) የቦዩን ግድግዳ ሁሉ አይነካም፤ ሲሶው፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ ሳይፋቅ ይቀራል። ወደ ጎን የሚወጡት ቀጫጭን ቅርንጫፎችማ ፈሳሽ ካልገባባቸው የሚደርስላቸው የለም። ፋይሉ መንገድ ይከፍታል፣ የሚያጸዳው ፈሳሹ ነው።

ከሁሉ በፊት ራበር ዳም ይወጠራል። ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ይህ ስስ ጎማ ምራቅን ከቦዩ፣ በረኪናን ከጉሮሮ ይከለክላል። ጊዜ ይወስዳል እየተባለ በጥጥ ሲተካ ግን ባክቴሪያው በአንድ በኩል እየወጣ በሌላ በኩል ይገባል።

ዋናው ፈሳሽ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ በሱቅ ስሙ በረኪና። ጀርም ከመግደሉ በላይ የሞተ ሥጋን ያሟሟል፤ ይህን ሌላው ጀርም ገዳይ ፈሳሽ፣ ክሎርሄክሲዲን፣ አይችልም። ከ0.5 እስከ 6 በመቶ ባለው መጠን ይሠራበታል። የሱቅ በረኪና የሚጠቀም ክሊኒክ መጠኑ የተጻፈበትን፣ ሽታና ማወፈሪያ ያልተጨመረበትን፣ የቅርብ ምርት መምረጥ አለበት። 5 በመቶ የሆነውን 2.5 ለማድረግ እኩል የተጣራ ውሃ ይጨመርበታል። በቧንቧ ወይም በሮቶ ውሃ ማቅጠን ጥሩ አይደለም፤ በውሃው ውስጥ ያሉ ብረታ ብረቶች ክሎሪኑን ያፈርሱታል። ብርሃንና ሙቀትም እንዲሁ፤ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ተከድኖ፣ የተቀጠነበት ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ። ቀጭኑ ፈሳሽ ደካማነቱን በብዛትና በጊዜ ያካክሳል፦ ከእያንዳንዱ ፋይል በኋላ ቢያንስ 2 ሚሊ ሊትር፣ ቶሎ ቶሎ እየታደሰ። በሐምሌ ብርድ ስሪንጁን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆየት የማሟሟት አቅሙን ይጨምራል፤ ጥርስ ውስጥ ሲገባ ግን ቶሎ ወደ ሰውነት ሙቀት ይመለሳል።

መርፌው 30 ጌጅ (በጣም ቀጭን)፣ ቀዳዳው በጎኑ የሆነ ይሁን። ፈሳሹ ከመርፌው ጫፍ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ከተለካው የሥር ርዝመት 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር እስኪቀር ይገባል፤ ለዚህም ቦዩ እስከ 30 ወይም 35 ቁጥር ፋይል ሊሰፋ ይገባል። ርዝመቱ በጎማ ማቆሚያ ይታሰራል። መርፌው ቦዩ ውስጥ ከተቀረቀረ መግፋት ክልክል ነው። ስሪንጁ በአውራ ጣት ሳይሆን በሌባ ጣት፣ መርፌውም ከፍ ዝቅ እየተደረገ በቀስታ ይገፋል። በረኪና ከሥሩ ጫፍ አልፎ ከወጣ ማደንዘዣ እያለም ድንገተኛ ከባድ ሕመም፣ ከቦዩ ደም፣ በደቂቃዎች ውስጥ የፊት እብጠት ይመጣል። ያኔ እጥበቱ ይቆማል፣ ቦዩ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) በቀስታ ይታጠባል፣ የመጀመሪያው ቀን በረዶ ይያዝበታል፣ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣል፤ እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም አንገት ከተስፋፋ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ፋይሉ ፍቆ የሚለጥፈውን ስስ ዝቃጭ የሚያነሳው 17 በመቶ ኢዲቲኤ የተባለ ፈሳሽ ነው፤ በመጨረሻ አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከበረኪና ጋር ከተደባለቀ ግን የበረኪናውን ክሎሪን ያጠፋል። ክሎርሄክሲዲን ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ደግሞ ቡናማ ዝቃጭ ፈጥሮ ቦዩን ይደፍናል፤ በመሐላቸው በሳላይን ማጠብና በወረቀት ፖይንት (ፈሳሽ በሚመጥ ሹል ወረቀት) ማድረቅ ግድ ነው። በሥሩ ጫፍ የሚታፈነውን አየር ለማስወጣት የአልትራሳውንድ መሣሪያ ያለው ክሊኒክ እያንዳንዱ 20 ሰከንድ የሆነ ሦስት ዙር፣ ፈሳሹን እየቀየረ ይነቀንቃል። የሌለው በልኩ የገጠመ ጉታ ፐርቻ (ቦዩ የሚደፈንበት ጎማ መሰል ሹል ዘንግ) 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ፣ በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል ያንቀሳቅሳል። ርካሽ ነው፣ መብራት አይፈልግም፣ ብዙዎች ግን ይዘሉታል።

መግሉ አልቆም ካለ ቦዩ ውስጥ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ (ጀርም ገዳይ መድኃኒት) ተሞልቶ ታካሚው ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። ጊዜያዊ ድፍኑ ቢያንስ 3.5 ሚሊ ሜትር ካልወፈረ ምራቅ ያስገባል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ፋይሎቹን ራሳቸውን ይመለከታል። ከተማዋ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ፋይልን መቀቀል ማምከን አይደለም። በግፊት ጌጅ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ኦቶክሌቭም (የእንፋሎት ማምከኛ) በባሕር ጠለል ልክ በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ከተነበበ 121 ዲግሪ አይደርስም፤ እዚህ ወደ 18 ወይም 19 መድረስ አለበት። የታሸገ መሣሪያ በዚያ ሙቀት 30 ደቂቃ ይቆያል። መብራት በመሐል ከጠፋ ዙሩ እንደገና ይጀመራል፤ ያለፈው ደቂቃ አይደመርም።